ቄጠማ የሚበቅልበት መሬት

ባለፈው ጥቅምት፣ ዘመነ ጽጌ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአንድ የጽዋ ማኅበር የተሳሰርን ሦስት ቤተሰቦች በገጠር ለሽያጭ የቀረበ መሬት እንዲያዩልን ከመካከላችን ሁለት ሰዎች በላክን ጊዜ ከተላኩት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከምንኖርበት ከግሪንቤልት ተነሥተን፣ ዋሽንግተንን በሚያቅፈው የቀለበት መንገድ ዞረን፣ በ301 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርደን የቻርልስ ካውንቲን ገጠር ስንገባ፣ የዛፎቹ ቅጠል ወርቅና ደም መስሎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩም ደርቆ የረገፈው ቅጠል ከእግራችን በታች እየተንኮሻኮሸ ስለ ተቀበለን፣ ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ዞር ዞር ብለን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ለቀሩት ወንድሞችና እኅቶች «ቦታው ገነት ነው» የሚል ቃል ይዘን ተመለስን። በኅዳር ወር ሁላችንም ፊርማችንን አኖርን። መሬቱ 9 ኤከር ነው፤ በአባቶቻችን አቆጣጠር ከ14 ጥማድ አያንስም።

በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፣ ወደ ታላቁ እራት ከተጠሩት ሰዎች መካከል መሬት እንደ ገዛና ሄዶ ሊያየው ግድ እንደ ሆነበት አስታውቆ ይቅርታ የጠየቀ አንድ ሰው አለ። ይህ ምንባብ ሲነበብ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰውዬውን ቃል ከሰማያዊው ጥሪ ለመሸሽ የተፈጠረ ሰበብ አድርጌ ብቻ እሰማው ነበር፤ ከዘንድሮው መጋቢት ወዲህ ግን ሌላም ነገር ታየኝ፤ ሰውዬው መሬቱን የገዛው ሳያየው ነበር፣ ማየቱ የመጣው ከመግዛቱ በኋላ ነበር ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ፣ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ያቃተው እንደ ሆነ ግን የተመልካች መዘባበቻ እንደሚሆን ተነግሯል። ገዥውና ሠሪው በአንድ ምዕራፍ ተጎራብተው መቀመጣቸው በከንቱ አይመስለኝም፤ ልናገር የፈለግሁትም በሁለቱ መካከል ስላለው ጊዜ፣ ማለትም መሬት ከተገዛ በኋላ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ስላለውና ብዙዎቻችን እንደ ባከነ ስለምንቈጥረው ጊዜ ነው። ምክንያቱም በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዚሁ በኛ ሠፈር የሚኖሩ ወገኖቼ እንደ እኛ ገንዘባቸውን አዋጥተው ገጠር ገብተው መሬት ሲገዙ እሰማለሁ፤ ከግዥው ማግሥትም «መቼ ትሠራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከእንኳን ደስ አላችሁ ቀድሞ ይመጣል።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሦስቱም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከመካከላችን የአንዱ ወዳጃችን እናት፣ ከጎጃም ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው አንዲት እማሆይ፣ «ርስቱን አሳዩኝ» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው አብረውን መጡ። ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ቅጠል የሌላቸው ዛፎች ቁመው ርቀቱን ሁሉ ስላሳዩን በጥቅምት ያላየነውን የጎረቤት ቤትና የመብራት እንጨት አየን፤ የመግቢያው ጥርጊያ መንገድ ለስልሶ የአንደኛውን መኪና ጎማ ስለ ዋጠው የቀረውን በእግር ሄድን። ከኰረብታው አናት ላይ አንድ አሮጌ የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራ አለ፤ ሳንቃው አንዱ ተከፍቶ አንዱ ተዘግቶ ነፋስ እንዲያስገባ ሆኖ የተሠራ፣ በደቡብ ሜሪላንድ በየመንገዱ ዳር የሚታየው ዐይነት ነው። ከኰረብታው ወደ ታች ወደ ጅረቱ የሚወርደው ሜዳ ግን ሦስታችን ቤት እንሠራበታለን ብለን በወረቀት ላይ የተካፈልነው ነበር፤ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ክረምቱ ያልገደለው አረንጓዴ ሣር ተነሥቶ ቢያዩት ልጆቹ ሮጡ፣ ሴቶቹም «ቄጠማ! በበዓል የምንጐዘጉዘው ቄጠማ!» እያሉ በእልልታ ተቀበሉት።

እማሆይ ግን እልል አላሉም። ጥቂት ተራመዱና ቆሙ፤ የመቋሚያቸውን ጫፍ በሣሩ መካከል ወደ መሬቱ ሰድደው ነቀሉት፤ ቀዳዳው ወዲያው ውኃ ሞላ። ሁለተኛ ቦታ ወጉ፤ ያም ሞላ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

«ልጄ፣ ይህን መሬት በየትኛው ወር አያችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በጥቅምት ነው፣ እማሆይ።»

«ጥቅምትማ ያላማረበት መሬት የታለ። እኛ ዘንድ መሬት የሚታየው በሐምሌ ነው። ቄጠማ የበቀለበት ላይ ደግሞ ለከብት ግጦሽ ይተዋል እንጂ ቤት አይሠራበትም፤ ይህን አባትህ አልነገሩህም?»

አባቴ የከተማ ሰው ስለ ነበሩ አልነገሩኝም። ይህ መልስ ግን ያሳፍረኝ ነበርና ዝም አልሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የካውንቲው ጤና መምሪያ ሰው በተገኘበት «ፐርክ ቴስት» የሚባለው የመሬት ፈተና ሲደረግ፣ ባለሙያው በኤክስካቫተር እያስቆፈረ ያደረገው ነገር በመሠረቱ እማሆይ በመቋሚያቸው ያደረጉት ነበር። የከተማ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ገጠር ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አርፎ ውኃው በመሬት ውስጥ በተዘረጋ መስመር አማካይነት አፈሩ እንዲመጠው ይደረጋል፤ ስለዚህ ማንም የግንባታ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት አፈሩ ውኃ የሚመጥ መሆኑ ይፈተናል። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ይታያል፤ ውኃ ይሞላበትና አንድ ኢንች ዝቅ እስኪል የፈጀው ደቂቃ ይቈጠራል። ፈጥኖ ቢሰርግ ሳይጣራ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባል፤ ዘግይቶ ቢሰርግ ወደ ላይ ይገነፍላል። በሜሪላንድ ለአዲስ ይዞታ የሚጠየቀው የፍሳሽ ማስረጊያ ስፍራ፣ የመጀመሪያው ሲበላሽ የሚተካውን ጨምሮ፣ ቢያንስ 10,000 ካሬ ጫማ ነው፤ በዚያ ላይ ምንም አይሠራበትም። በደቡቡ ዝቅተኛ ምድር ይህ ፈተና የሚደረገው በእርጥቡ ወራት፣ ክረምቱ ሲወጣና ጸደዩ ሲገባ ነው፤ ዛፎች ተራቁተው ከመሬት ውኃ የማይጠጡበት፣ ፀሐይም ገና ያልበረታችበት ጊዜ ስለ ሆነ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ብሎ የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። የዚህ አገር ሐምሌ መጋቢት ነው ማለት ነው፤ እማሆይ በሐምሌ እዩት ያሉትን ሕጉ በመጋቢት እዩት ይላል።

ሜዳው ወደቀ። ያለፈው በኰረብታው ላይ ከጎተራው ጎን የተቆፈረው ብቻ ነበር፤ እርሱም ለአንድ ቤት እንጂ ለሦስት አይበቃም። ለዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም፤ ሻጩም ደላላውም ያልጠየቅናቸውን አልነገሩንም፣ እኛም ውሉ ላይ «ፈተናውን ካለፈ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ማድረግ እየቻልን አላደረግንም። አንባቢ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከጽሑፌ ቢወስድ እንኳ ድካሜ በከንቱ አይቀርም፤ መሬት ለመሥሪያ የሚገዛ ሰው የፈተናውን ውጤት የግዥው ቅድመ ሁኔታ ያድርግ፤ ቀያሽ አምጥቶ የወሰኑን ብረት በዓይኑ ይይ፤ መግቢያው በሌላ ሰው መሬት የሚያልፍ እንደ ሆነ የመተላለፊያ መብቱ በሰነድ መመዝገቡን ያረጋግጥ።

ይህ ከሆነ በኋላ የመሬቱን ታሪክ መጠየቅ ጀመርሁ፤ ጥያቄውም ሳልገምተው ወደ ራሴ ደጅ ወደ ግሪንቤልት መለሰኝ።

ደቡብ ሜሪላንድ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የትምባሆ አገር ነበር። ትምባሆ የአፈርን ኃይል ፈጥኖ የሚጨርስ ተክል ስለ ሆነ፣ ባለእርሻው ጫካውን ይመነጥራል፣ ጥቂት ዓመት ያመርታል፣ መሬቱ ሲደክም ትቶት ሌላ ይመነጥራል፤ የተራቆተውም አፈር በዝናም ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በቻርልስ ካውንቲ ፖርት ቶባኮ የሚባለው፣ በአንድ ዘመን መርከብ ይቆምበት የነበረ ወደብ፣ ከየእርሻው በታጠበ ደለል ተሞልቶ ዛሬ ከውኃው ርቆ የተቀመጠ መንደር ነው፤ ከግሪንቤልት ብዙም የማይርቀው የብላደንስበርግ ወደብም በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የደረሰበት ይኸው ነው። ያን ሁሉ የመነጠረውና የተከለው እጅ ደግሞ በባርነት የተያዘ ሰው እጅ ነበር። ኋላ ወደ ካናዳ አምልጦ የሕይወት ታሪኩን ያሳተመውና ሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን ስትጽፍ ከምንጮቿ አንዱ የሆናት ጆሳያ ሄንሰን በ1789 እ.ኤ.አ. የተወለደው በዚሁ በቻርልስ ካውንቲ ነው። ከኰረብታችን ላይ ያለውን ጎተራ የሠራው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ያንን ኰረብታ ለመሠረት ከመቆፈራችን በፊት ምልክት የሌለው መቃብር እንዳይኖርበት ዞሮ ማየትና ማስመርመር ከሕግም በፊት የኅሊና ግዴታ መሆኑን ለማኅበሬ ተናግሬአለሁ።

ግሪንቤልትም የተቈረቈረችው እንዲሁ ትምባሆ ባደከመው መሬት ላይ ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ የተቋቋመው የዳግም ሠፈራ መሥሪያ ቤት በኢኮኖሚ ሊቁ በሬክስፎርድ ተግዌል መሪነት ሦስት አዳዲስ ከተሞች ሲመሠርት፣ በኦሃዮ ግሪንሂልስን፣ በዊስኮንሲን ግሪንዴልን፣ በሜሪላንድ ደግሞ ግሪንቤልትን ሠራ። ሥራ ያጡ ሰዎች በእጃቸው ደን መንጥረው፣ ሸለቆ ገድበው ዛሬ የምንዞረውን ሐይቅ አበጁ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. መጸው የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ገቡ፤ ያን ጊዜ የተሠሩት መኖሪያዎች 885 ነበሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የቤቶቹ ብዛት አይደለም፤ ነዳፊዎቹ የትኛው ስፍራ ላይ እንደማይሠሩ ወስነው ስሙን ለከተማይቱ መስጠታቸው ነው። ከተማይቱ የተጠራችው በቤቶቿ፣ በመሥራቿ ወይም በወንዟ ስም ሳይሆን በዙሪያዋ ሳይሠራበት በሚተወው አረንጓዴ መቀነት ስም ነው።

የእኛ አገር ሴት መቀነቷን የምትታጠቀው ወገቧን ለማጥበቅ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቧንም የምትቋጥረው በዚያ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን ሲከፈት ባዶ ቢሆን እንኳ፣ በክፉ ቀን ልጇን የምታድንበት ብር ከመቀነቷ ጫፍ ይፈታል። ያልተሠራበት መሬትም ለከተማም ለቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ የዝናሙ ውኃ የሚያርፍበት፣ ሙቀቱ የሚበርድበት፣ ሕፃናት የሚሮጡበት፣ ያላሰብነው ችግር ሲመጣ የምንፈታው ቋጠሮ ነው። አባቶቻችን ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር። በደቡብ ጎንደር ከኰረብታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በታረሰውና በተራቆተው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል፤ በየደኑም እምብርት አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕንፃው ትንሽ ነው፤ ዐጸዱ ግን ሰፊ ነው። የዐጸዱ ዛፍ የማይቈረጠው ቤተ ክርስቲያኑ ሳያልቅ ስለ ቀረ አይደለም፤ ዐጸዱ ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ስለ ሆነ ነው።

ይህን ስል የግሪንቤልትን ጉድለት አልሸፍንም። ጥቁሮች ሠራተኞች ከተማይቱን ከሠሩት መካከል ሳሉ ቤቶቹ ለነጮች ብቻ ተሰጡ፤ መቀነቱ ለአንዳንዱ አጥር ሆነ ማለት ነው፤ የዛሬ ነዋሪዎቿ፣ እኛንም ጨምሮ፣ የዚያን ዘመን ሹማምንት ያላሰቧቸው ሰዎች ነን። መቀነቱም ሙሉ ሆኖ አልቀረም። በ1952 እ.ኤ.አ. መንግሥት ቤቶቹን ለነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሸጥ ያልተሠራበትም መሬት ቀስ በቀስ ወደ ግል እጅ ገባ፤ ወደ ባልቲሞር የሚወስደው ፓርክዌይና የቀለበቱ መንገድ ገምሰው አለፉበት። ቢሆንም በ1950 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የተረከበው ግሪንቤልት ፓርክ፣ ከ1,100 ኤከር በላይ የሆነው፣ እስከ ዛሬ አለ፤ ከዋሽንግተን ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ሰው ድንኳን ተክሎ ያድርበታል፤ እዚያ የበቀለው ጥድና ኦክ ትምባሆ አድክሞ በተወው አፈር ላይ ራሱ የመጣ ነው። የደከመ መሬት ሰው ሲተወው የሚያደርገውን ያየሁት በዚያ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የማኅበራችን ጥያቄ ይህ ነው፤ እንሥራ ወይስ አንሥራ? የማኅበሩ አብዛኛው ሰው በኰረብታው ላይ ቶሎ አንድ ትልቅ ቤት ለሦስታችን እንሥራ ይላል። ችኮላችን ከስንፍና ወይም ካለማሰብ የመነጨ እንዳይመስላችሁ፤ ጥንተ ነገር አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በ1957 ዓ.ም. በተማሪዎች አንደበት ከተሰማ ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበርና አዲስ አበባ በድጋፍ ሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ለልጅ ጎጆ መውጫ እየተባለ ባዶውን የተቀመጠ ስንት ቦታ ሄደ! በአዲስ አበባ ያደግን ሰዎች «ምነው አንድ ክፍል እንኳ ሠርቼበት በነበረ» የሚለውን የሽማግሌዎች ጸጸት ከቡና ጋር ስንሰማ ነው ያደግነው። ከዚያ ወዲህም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ፤ የ2004 ዓ.ም. የከተማ ሊዝ አዋጅም ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን የጊዜ ገደብ ወሰነ። እነዚህ ሕጎች በዘመናቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በኛ ልብ ውስጥ ያኖሩት ትምህርት ግን አንድ ነው፤ ባዶ ቦታ ማለት ነገ የሚወሰድ ቦታ ነው፣ አጥረው፣ ቆርቆሮውን ምታ፣ ሰው ሁን።

በሜሪላንድ ግን ግብሩን በየዓመቱ የሚከፍል ባለመሬት ቤት ስላልሠራ መሬቱን የሚነጥቀው የለም። እንዲያውም 5 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆነ ጫካ፣ በደን ባለሙያ የተዘጋጀ የአያያዝ ዕቅድ ካለው፣ እንደ እርሻ ተገምቶ ግብሩ ሊቀልለት ይችላል። መሬት የሚያሳጣው ሌላ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ረስቶት ሌላ ሰው በግልጥ ገብቶ 20 ዓመት እንደ ራሱ አድርጎ ቢይዘው በፍርድ ቤት ባለቤትነት ሊጠይቅበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር ርስትን የሚያጸናው ቆርቆሮ መምታት ሳይሆን መመላለስ ነው፤ ወሰኑን መዞር፣ የወደቀውን ምልክት ማንሣት፣ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ነው። በአገር ቤት ተነሥቶ በማያልቀው የወሰን ክርክር ስንቱ ወንድም ከወንድሙ እንደ ተለያየ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው ክርክር የበለጠ ልቤን ይነካዋል። በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ለቀስተኛ በአሳንሰር ፊት ተሰልፎ፣ መኪና ማቆሚያ አጥቶ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ውጦ አልቅሶ ይመለሳል። ሰርግ ለኪራይ አዳራሽ ይሰጣል፣ ክርስትና በምግብ ቤት ይደገሳል። «ድንኳን የምንተክልበት የራሳችን ደጅ ይኑረን» ሲሉኝ፣ በዚህ ቃል ውስጥ የሃምሳ ዓመት የስደት ናፍቆት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ናፍቄአለሁ። ነገር ግን ድንኳን ለመትከል መሠረት መቆፈር አያሻም። አባታችን አብርሃም በተስፋይቱ ምድር ዕድሜውን በሙሉ በድንኳን ኖሮ፣ ብር መዝኖ የገዛው ርስት ሣራን የቀበረበትን የመክፌላን ዋሻ ነበር፤ ለእርሱም 400 ሰቅል ከፍሏል፤ ምድሪቱን ግን በድንኳኑ ሲመላለስባት ያወቃት ያህል ማንም ባለግንብ አላወቃትም።

በግንባታ መቸኮልም ሆነ ከጀመሩ በኋላ መመለስ የነገሥታትም ዕጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት በተቸገረች ጊዜ ወደ ምዕራብ ተመልክተው በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት አስጀምረው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ሲበቅልና በአዲስ አበባ የተሠራው ሁሉ ሲያሳሳ ግን አሳባቸውን ለወጡ፤ የተጀመረውም ሕንፃ ለእመቤታችን ተሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ግማሽ የተሠራ ቤተ መንግሥት የሚሰጠው መልካም ስፍራ አያጣም፤ በሞርጌጅ የሚኖር ቤተሰብ ግን ግማሽ የተሠራ ቤት ለማን ይሰጣል?

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ፣ ጽዋው ከተጠጣ በኋላ፣ እንዲህ ብዬ ልናገር ወስኛለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አንሠራም። በየወሩ ተራ ገብተን አንድ ቤተሰብ ይሄዳል፤ የሐምሌን ትንኝና መዥገር፣ የነሐሴን ማዕበል ዝናም፣ የጥርን በረዶ እናያለን፤ ፀሐይ በበጋና በክረምት ከየት ወጥታ የት እንደምትገባ በኰረብታው ላይ በካስማ እናመለክታለን፤ ጥርጊያው መንገድ በስንት ቀን ዝናም እንደሚዘጋ እንቈጥራለን፤ ለታመመ ሰው አምቡላንስ ለመድረስ የሚፈጅበትንም እንጠይቃለን፤ ወደ እማሆይ ዕድሜ የማይሄድ አንድም የለንምና ነገ ሁላችንም እዚያው ነን። ያን ሁሉ ካየን በኋላ ልባችን አሁንም ሥሩ ካለን፣ አንድ መጠነኛ ቤት፣ ከጎተራው ጎን፣ አፈሩ በፈቀደበት ስፍራ ብቻ እንሥራ። ሜዳው ለቄጠማው ይቅር። ሜዳው የሚጠጣው ውኃ ሳይጠጣ ቢቀር ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ወደ ፖቶማክ፣ ከፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ ፖርት ቶባኮን የሞላው ደለል የሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። ከወዳጆቼ አንዱ «ገንዘባችን አፈር ውስጥ ተኝቶ ይክረም?» እንደሚለኝ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ አዎን፣ ይክረም፣ ዘርም የሚከርመው በዚያ ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

በቀዳም ስዑር ጠዋት፣ በአገራችን ቄሶች «ውኃው ጐደለ» የሚለውን የኖኅን የምሥራች እያበሰሩ ለምለም ቄጠማ ለምእመናን በሚያድሉበት ቀን፣ ሁለት ጎረምሶች ልጆቻችን እማሆይን ይዘው ወደ መሬቱ ሄዱ። ቄጠማው በመጋቢት ካየነው ይልቅ አድጎ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር አሉ። ውኃው አልጐደለም ነበር፤ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው አጨዱ። ከሰዓት በኋላ ግሪንቤልት ሲደርሱ እማሆይ ከመኪናው ሳይወርዱ አንድ ዘለላ መዝዘው በታናሺቱ ልጄ ራስ ላይ አሰሩ፤ የቀረውንም ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት በሦስቱም ቤት ወለል ላይ ጐዘጐዝነው።